ርካሽ የተባለው የውጭ አገር ትምህርት፣ ከአዳማ ሲታሰብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከአዳማ የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊዎቹ የሚተዋወቁ ባይመስሉም የጥያቄያቸው መነሻ ተመሳሳይ ነው፤ በከተማዋ የሚያስተምሩ ሕንዳውያን ልጆቻቸውን በአነስተኛ ወጪ ወደ ውጭ አገር ሲልኩ አይተው ‹እኛስ ምን ጎደለን?› ይላሉ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርሁት በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ በምትገኘው በቪሳካፓትናም ስለሆነ፣ ደብዳቤዎቹን የመመለሱ ሥራ ለእኔ ደርሷል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንኮ አካባቢ ነው። ከእኛ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር አንድ ሕንዳዊ መምህር የመጀመሪያ ልጁን ጀርመን ልኮ የምሕንድስና ማስተርስ እያስተማረ ነው። ስንት እንደሚከፍል ስጠይቀው ‹ለትምህርቱ ምንም› አለኝ። የእኔ ልጅ ዘንድሮ በሜካኒካል ምሕንድስና ትመረቃለች፤ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ 12ኛ ክፍል ነው። ነገሩ እውነት ከሆነ ለእኛ ልጆች የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?
የሁለት ልጆች አባት

መልስ፦ ጎረቤትዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ነገር ግን የነገሩዎት የሒሳቡን ግማሽ ብቻ ነው። በጀርመን አንዳንድ ክልሎች ለጥቂት ዓመታት የትምህርት ክፍያ ይጠይቁ የነበረ ቢሆንም ሁሉም ተራ በተራ አስቀርተውታል፤ የመጨረሻው ኒደርዛክሰን ሲሆን ክፍያውን ያነሣው በ2014 ነው። ይህ ለውጭ አገር ተማሪም ይሠራል። ሁለት ልዩ ሁኔታዎችን ግን ማወቅ ያስፈልጋል፦ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክልል ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ የሙኒክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ወዲህ ክፍያ ጀምሯል። በሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚከፈለው የሴሚስተር መዋጮ ሲሆን፣ እንደየቦታው ከ100 እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም የከተማ ትራንስፖርት መሳፈሪያን ይጨምራል። ሕንዳውያን በጀርመን ካሉ የውጭ ተማሪዎች በቁጥር ቻይናውያንን አልፈው አንደኛ የሆኑትም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ እንምጣ። የጀርመን ኤምባሲ ለተማሪ ቪዛ ከመስጠቱ በፊት፣ ተማሪው የአንድ ዓመት መኖሪያውን የሚሸፍን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጡን ማየት ይፈልጋል። ከ2024 መስከረም ጀምሮ መጠኑ 11,904 ዩሮ ነው። ይህ ገንዘብ ለማንም የሚከፈል አይደለም፤ የልጅዎ ገንዘብ ነው፤ ጀርመን ከገባች በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀላት የቤት ኪራይዋንና ቀለቧን ትችልበታለች። ችግሩ ሙሉው በአንድ ጊዜ፣ በውጭ ምንዛሪ፣ ያውም ቪዛው መገኘቱ ሳይታወቅ መቀመጥ ያለበት መሆኑ ነው። አንድ ዩሮ በ150 ብር ቢታሰብ ድምሩ 1,785,600 ብር ይሆናል።

ጎረቤትዎና እርስዎ የምትለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሕንዳዊ አባት ይህን ገንዘብ ከኪሱ ላያወጣው ይችላል። በአገሩ ለውጭ ትምህርት የሚያበድሩ ባንኮች ሞልተዋል፤ ብድሩን መመለስ የሚጀመረውም አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። የአገሩ ሕግ ደግሞ አንድ ነዋሪ በዓመት እስከ 250,000 ዶላር ወደ ውጭ እንዲልክ ይፈቅድለታል። በእኛ በኩል ባንክ ለትምህርት የውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው የቅበላ ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ ሲቀርብለት ነው፤ ብሩም በ2024 ሐምሌ መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ባለው አንድ ዓመት የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚዞሩት ‹ርካሽ አገሮች› የሚሉ ሠንጠረዦች፣ ብዙዎቹ ለሕንዳዊ ተማሪ የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ የዓመቱን የትምህርት ክፍያ እንጂ የመጀመሪያውን ቀን ገንዘብ አያሳዩም። እኔ አንድን አገር ርካሽ ወይም ውድ የምለው፣ ልጁ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ከቤት መውጣት ያለበትን ገንዘብ ደምሬ ነው። በዚህ መለኪያ ‹ነፃ› የተባለችው ጀርመን በዓመት 2,000 ዶላር ከምታስከፍል አገር ልትከብድ ትችላለች።

ዝግ ሒሳቡን ሊተኩ የሚችሉ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በጀርመን የሚኖርና በቂ ገቢ ያለው ዘመድ፣ እዚያው በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ቀርቦ ‹ወጪዋን እኔ እችላለሁ› ብሎ የሚፈርመው የግዴታ ሰነድ ነው። ይህ ለዘመድ ቀላል ውለታ አይደለም፤ መንግሥት ልጅዎን ቢረዳ ወጪውን ከፈራሚው ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ሲጠይቁት ይህንኑ አስረድተው ይጠይቁት። ሁለተኛው የነፃ ትምህርት ዕድል ነው፤ የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ ብዙ ሰው ዳድ እያለ የሚጠራው፣ ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚሰጠው ድጋፍ ይታወቃል። ‹እየሠራች ትማራለች› የሚለውን ግን ከሒሳብዎ ያውጡት። የውጭ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠራ መፈቀዱ እውነት ነው፤ ኤምባሲው ግን ገና ያልተገኘ ደመወዝን እንደ ማስረጃ አይቀበልም።

ልጅዎ ከወዲሁ ልትጀምረው የሚገባ ሥራ አለ። አንደኛው የወጪ መጋራት ዕዳን ይመለከታል፤ ኮስት ሼሪንጓን ሳትጨርስ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማግኘት አትችልም፤ በቴምፖ ብቻ ደግሞ ብዙ ርቀት አይኬድም። ሌላው የስም አጻጻፍ ነው። በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ፣ በትራንስክሪፕቷና በፓስፖርቷ ላይ የአባት ስምና የአያት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። በአንዱ ላይ በአንድ ‹ኤስ›፣ በሌላው ላይ በሁለት ‹ኤስ› የተጻፈ ተስፋዬ፣ ለባዕድ መዝጋቢ ሁለት ሰው ነው። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ሴሚስተር አጥቻለሁ። የማመልከቻዬን ሰነድ የተረከበኝ መሥሪያ ቤት ልዩነቱን አላየውም ነበር፤ ያየው የሕንዱ ዩኒቨርሲቲ መዝጋቢ ሲሆን እርማቱ እስኪመጣ ድረስ ምዝገባው ተዘግቶ ነበር።

ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚገባው ኡኒ አሲስት በሚባል የጋራ ተቀባይ በኩል ነው፤ ለመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ 75 ዩሮ፣ በዚያው ወቅት ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ይጠይቃል። በአንድ ነገር ከጎረቤትዎ ልጅ ይልቅ የእርስዎ ልጅ ሸክም ይቀልላታል፦ ሕንዳውያን ከ2022 ኅዳር ጀምሮ ሰነዳቸውን በኒው ዴልሂ በሚገኝ አንድ የጀርመን ጽሕፈት ቤት አስመርምረው ልዩ ማረጋገጫ መያዝ ግዴታቸው ሆኗል፤ ይህ በእኛ ላይ አልተጫነም።

ስለ ወንድምየው ባጭሩ ልመልስ። በጀርመን በእንግሊዝኛ የሚሰጡት ትምህርቶች በአብዛኛው ማስተርስ ናቸው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ በጀርመንኛ ነው። ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ለሚሄድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሽቱዲየንኮሌግ የሚባል የአንድ ዓመት መሰናዶ ይጠበቅበታል፤ ወደ መሰናዶው ለመግባት እንኳ መካከለኛ ጀርመንኛ ያስፈልጋል። የመንግሥቶቹ መሰናዶዎች የትምህርት ክፍያ የላቸውም፤ የግሎቹ ግን በሺሕ የሚቆጠር ዩሮ ያስከፍላሉ፤ ወኪሎች የሚያስተዋውቁትም እነዚህኑ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን እዚሁ ይማርና እንደ እኅቱ በማስተርስ ይሞክር የሚለው የእኔ ምክር ነው። ጀርመን ካሉት ሕንዳውያንም ብዙዎቹ የሄዱት በዚሁ መንገድ፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በአገራቸው ይዘው ነው።

ጥያቄ፦ ኖርዌይ አሁንም ለሁሉም በነፃ ታስተምራለች? የክፍል ጓደኞቼ ታስተምራለች ይላሉ።
ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ የለም፤ ከ2023 የመከር ወራት ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎች ይከፍላሉ። ዴንማርክ ከ2006፣ ስዊድን ከ2011፣ ፊንላንድ ከ2017 ጀምሮ እንዲሁ አድርገዋል። በይነመረብ ላይ የቆየ ጽሑፍ ስለማይጠፋ ጓደኞችህ የጠቀሱት የቆየ መረጃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኔ ሕንዳዊ ነኝ፤ አዳማ ውስጥ ሳስተምር ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፈልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ልጄ በሕንድ ሥርዓተ ትምህርት 12ኛ ክፍልን እየጨረሰ ሲሆን ሐኪም መሆን ይፈልጋል። በአገሬ የግል ሕክምና ኮሌጅ የሚጠይቀውን በእኔ ደመወዝ አልችለውም። ሃይደራባድ የሚገኝ አንድ ወኪል ልጁን ያለ ምንም የመግቢያ ፈተና በጆርጂያ ወይም በኪርጊስታን በርካሽ ሊያስገባልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። እዚህ ያሉ ወዳጆቼም ለልጆቻቸው ይኸንኑ ሊሞክሩ አስበዋል።

መልስ፦ መምህር፣ ባልደረባዎ በጥሩ አማርኛ ጽፎልዎታል። ለሌሎች አንባቢዎች ስል ግን ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። ሕንድ ውስጥ ሕክምና ለመማር ‹ኒት› የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው። በ2024 ለዚህ ፈተና የተመዘገቡት 24 መቶ ሺሕ ገደማ ወጣቶች ሲሆኑ፣ በአገሪቱ የነበረው የሕክምና ተማሪ መቀመጫ 110 ሺሕ ገደማ ነው። ከዚህም ርካሽ የሆነው የመንግሥቱ ድርሻ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው የግል በመሆኑ፣ መካከለኛ ገቢ ያለው ሕንዳዊ ቤተሰብ ልጁን ወደ ሩሲያ፣ ጆርጂያ፣ ካዛኪስታን፣ ኪርጊስታንና ፊሊፒንስ ይልካል።

ወኪሉ ‹ያለ መግቢያ ፈተና› ያለዎት ግን አደገኛ ንግግር ነው። የውጭው ዩኒቨርሲቲ ልጅዎን ያለ ኒት ሊቀበለው ይችላል፤ ውሸት አይደለም። ሆኖም ከ2018 ጀምሮ በውጭ አገር ሕክምና የሚማር ሕንዳዊ ወደ አገሩ ተመልሶ ለመሥራት ካሰበ፣ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት ኒትን ማለፍ አለበት። ስድስት ዓመት ተምሮ፣ ገንዘቡንም ጨርሶ፣ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ላይ መቀመጥ የማይችል ልጅ ይዘው እንዳይቀሩ እሰጋለሁ። የማለፊያው ነጥብ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም፤ ለአጠቃላዩ ምድብ 50ኛው ፐርሰንታይል ነው። እኛ አገር ‹50 ከመቶ› ሲባል ከጥያቄዎቹ ግማሹን መመለስ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ከተፈታኞቹ ግማሹን መብለጥ ማለት ነው፤ ሁለቱ እንዳይምታቱ። ውጤቱም ለውጭ ትምህርት ሦስት ዓመት ያገለግላል። ፈተናው በየዓመቱ በግንቦት ገደማ የሚሰጥ ሲሆን፣ በ2024 ከሕንድ ውጭ በ14 ከተሞች ተሰጥቷል፤ ከአፍሪካ በዝርዝሩ የነበረችው ሌጎስ እንጂ አዲስ አበባ ስላልሆነች፣ የአውሮፕላን ትኬቱን ከአሁኑ በወጪው ውስጥ ያስገቡት።

ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ምርጫ ይመጣል። የሕንድ ብሔራዊ የሕክምና ኮሚሽን በ2021 ኅዳር ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ትምህርቱ ቢያንስ 54 ወር የሚፈጅ፣ ከዚያም በዚያው ተቋም የ12 ወር የተግባር ልምምድ ያለው፣ የማስተማሪያ ቋንቋውም እንግሊዝኛ የሆነ መሆን አለበት። ተመራቂው በተማረበት አገር እንደ ዜጋው ሐኪም ፈቃድ ለማግኘት የሚያበቃው ዲግሪ መሆንም ይኖርበታል። ወኪሉን የሚጠይቁት እንግዲህ ‹ስንት ነው?› ብለው ሳይሆን ‹ልምምዱን ሳይጨምር ስንት ወር ነው?› ብለው ነው። በጽሑፍ፣ ከዩኒቨርሲቲው ከራሱ፣ በማኅተም ይምጣልዎ። ‹በአጠቃላይ አምስት ዓመት› የሚል መልስ ካገኙ፣ ልምምዱ ሲነሣለት 48 ወር ብቻ ይቀራል፤ ይህም አይበቃም።

ከተመረቀም በኋላ ወደ ሕንድ ሲመለስ የሚፈተነው 300 ጥያቄ ያለው ፈተና አለ፤ 150 መመለስ አለበት። በ2024 ሰኔ ከተቀመጡት ያለፉት ከአምስት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ ለማጠናከሪያ ትምህርት እየከፈሉ ደጋግመው ይፈተናሉ፤ ይህ ሁሉ ሲደመር ‹ርካሽ› የተባለው ዲግሪ ሌላ መልክ ይይዛል። የሀገሩ ሰላም ደግሞ ማንም በበራሪ ወረቀቱ ላይ የማይጽፈው ወጪ ነው። በ2022 በዩክሬን ጦርነት ሲነሣ 20,000 የሚጠጉ ሕንዳውያን፣ አብዛኞቹ የሕክምና ተማሪዎች፣ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወጥተዋል። ከዚያ በፊትም በኮሮና ምክንያት ቻይና በሯን ስትዘጋ፣ ለዕረፍት አገራቸው የገቡ የሕክምና ተማሪዎች ከሁለት ዓመት በላይ መመለስ ሳይችሉ ሕክምናን በስልክ መስኮት ተምረዋል።

ለኢትዮጵያውያን ወዳጆችዎ ደግሞ፦ ኒት እነሱን አይመለከታቸውም፤ የትምህርት ቤቱን የወር ብዛትና ልምምድ የሚመለከተው ጥያቄ ግን ቃል በቃል የእነሱም ነው፤ የሚጠይቁት ግን ሕንድን ሳይሆን እዚሁ የጤና ባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠውን አካል ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት የትምህርት ወኪል ስለ አንድ የሕንድ ዩኒቨርሲቲ በራሪ ወረቀት ሰጠችኝ። ዓመታዊ ክፍያው ‹1,50,000› ይላል። ኮማው ቦታውን የሳተ ስለመሰለኝ 15,000 ይሁን 150,000 አልገባኝም። ‹ልጅሽ እየሠራ ራሱን ይችላል› ትለኛለች፤ ለፕሮሰስ 80,000 ብር በቅድሚያ ጠይቃኛለች። ልብስ ሰፍቼ ነው ልጄን ያሳደግሁት።
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እትዬ፣ ኮማው አልሳተም። ሕንዶች ከሺሕ በላይ ያለውን ቁጥር ሁለት ሁለት ቤት እየለዩ ነው የሚጽፉት፤ መቶ ሺሕ በእነሱ ‹ላክ›፣ አሥር ሚሊዮን ደግሞ ‹ክሮር› ይባላል። ስለዚህ 1,50,000 አንድ ላክ ከግማሽ፣ በእኛ አጻጻፍ 150,000 ሩፒ ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን በዶርሙ ምግብ ቤት፣ እነሱ ‹ሜስ› በሚሉት፣ በር ላይ የተለጠፈውን ሒሳብ አይቼ ጸሐፊው ተሳስቷል ብዬ ልነግረው ሄጄ ነበር። ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ፣ ጣቱን ኮማዎቹ ላይ እያሳረፈ ‹ሺሕ፣ ላክ፣ ክሮር› ብሎ እንደ ሕፃን አስቆጠረኝ። ለማንኛውም ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ሩፒ ይሁን ዶላር መጻፉን ይመልከቱ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተማሪ ከሕንዳዊው የተለየና ከፍ ያለ ክፍያ በዶላር ስላላቸው፣ የተሰጥዎ ዋጋ የሕንዳውያኑ ሊሆን ይችላል።

‹እየሠራ ራሱን ይችላል› ማለቷ ግን ሐሰት ነው። በሕንድ የተማሪ ቪዛ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድም። ቪዛው ከ180 ቀን በላይ የሆነ ተማሪ በገባ በ14 ቀን ውስጥ የውጭ ዜጎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ ሊባረር ይችላል። ስለዚህ የሦስት ወይም የአራት ዓመቱ ቀለብና ኪራይ በሙሉ ከእርስዎ ስፌት ማሽን ይወጣል ማለት ነው።

ሕንድን ግን በዚህ ምክንያት አልከለክልዎትም። ኑሮው ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ ኤምባሲው ፊትም እንደ ጀርመን 11,904 ዩሮ አይቆለልም። በእኔ ጊዜ ወር ሙሉ ሩዝ፣ ሳምባርና እርጎ እየበላን የምንከፍለው ለሜሱ አይከብደንም ነበር፤ የከበደን የግንቦቱ ሙቀትና የበርበሬ ናፍቆት ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሦስት ኪሎ በርበሬ ይዞ ከደረሰ በፎቁ ላይ ያለነው ሐበሾች ሁሉ እንግዳ ተቀባይ ሆነን እናድር ነበር።

ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ያድርጉ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ይዘው በሕንድ የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን፣ ዩጂሲ በሚባለው፣ ድረ ገጽ ላይ ልጅዎ ይፈልግልዎ፤ ኮሚሽኑ የታወቁትን ብቻ ሳይሆን የሐሰተኞቹንም ዝርዝር ያወጣል። ጥራቱን ደግሞ ናክ የሚባለው አካል በሚሰጠው ደረጃ ማየት ይቻላል። ከዚያ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ክፍል ኢሜይል ይጻፍ፤ ‹ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የዓመቱ ክፍያ በዝርዝር ስንት ነው? ወኪላችሁ ናት ወይ?› ብሎ ይጠይቅ። ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ላመጣላቸው ወኪል ኮሚሽን ይከፍላሉ፤ ከእነሱ እየተቀበለች ከእርስዎም 80,000 የምትወስድ ከሆነ በሁለት ቢላዋ እየበላች ነው። ሦስተኛው ለእርስዎ ዋናው ነው፤ የሕንድ መንግሥት በባህል ግንኙነት ምክር ቤቱ፣ በአይሲሲአር በኩል፣ ለአፍሪካውያን የሚሰጠው ነፃ ዕድል አለ። የትምህርት ክፍያን፣ ወርኃዊ መደጎሚያንና የቤት ኪራይ አበልን ይሸፍናል፤ ሕክምናን አይጨምርም። ማመልከቻው በይነመረብ ላይ ነው፤ ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ አመልካቹ አምስት ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ይችላል። መረጃውን አዲስ አበባ ያለው የሕንድ ኤምባሲ ያወጣል። ይኸኛው ከወኪሏ ወረቀት ይቅደም።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈትኜ 50 ከመቶ አላገኘሁም። አንድ ሰው ‹ውጭ አገር ማንም ማትሪክህን አይጠይቅህም› አለኝ። አጎቴ ሊከፍልልኝ ፈቃደኛ ነው።
ያልቀናው

መልስ፦ ስምህን መቀየር የምትችል ይመስለኛል፤ እንዳንተ ያልሆነላቸው እጅግ ብዙ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሰውየው እውነቱን ነው፤ የሚከፈላቸው አንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤትህን ሳያዩ ይቀበሉሃል። የሚጠይቅህ ስትመለስ ነው። ዲግሪውን ይዘህ ስትመጣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት እንዲሰጥህ ታመለክታለህ፤ ያለዚያ ወረቀት የመንግሥት ሥራ ቅጥርም ሆነ ተጨማሪ ትምህርት ያስቸግራል። ስለዚህ አጎትህ አንዲት ብር ከማውጣቱ በፊት፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የትምህርቱን ዓይነትና የ12ኛ ክፍል ውጤትህን ጠቅሰህ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። የስልክ መልስ ከአራት ዓመት በኋላ ማስረጃ አይሆንም። እዚሁ ያለው የሪሜዲያል ዕድል ከደረሰህ ደግሞ፣ ለእኔ ከአጎትህ ዶላር ይበልጥብኛል።

ጥያቄ፦ የቱርክን ነፃ የትምህርት ዕድል መሞከር እፈልጋለሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ 78 ከመቶ ነው፤ 18 ዓመቴ ነው። ፎርሙን የሚሞላ ሰው 5,000 ብር ጠየቀኝ፤ የመጨረሻው ቀን የካቲት 20 ነው ብሎኛል።
ሰላም፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሰላም፣ 5,000 ብርሽን አስቀምጪው። የቱርክ መንግሥት ዕድል ማመልከቻ ክፍያ የለውም፤ በራስሽ ኢሜይል፣ በስልክሽም ቢሆን ትሞዪዋለሽ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21 ዓመት በታች መሆንና ቢያንስ 70 ከመቶ ውጤት ይጠይቃል፤ ሁለቱንም ታሟያለሽ። ሕክምና ብትመርጪ ግን 90 ይፈለጋል። ከተመረጥሽ የትምህርት ክፍያውን፣ ማደሪያውን፣ ወርኃዊ ገንዘቡን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርቱን ይሸፍናሉ። በዚህ ዓምድ ከጠቀስኋቸው ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ገንዘቡ ትንሹ ይኸው ነው። ፎርሙን ሌላ ሰው በራሱ ኢሜይል ከሞላው የቃለ መጠይቁ ጥሪ የሚደርሰው ለእሱ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ 5,000 ይጠይቅሻል።

ቀኑንም ተሳስቶ ነግሮሻል። ማመልከቻው በየዓመቱ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ክፍት ይሆናል፤ ይህ በእኛ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ማለት ነው። የካቲት 20 ጠዋት ኢንተርኔት ቤት ብትሄጂ በሩ ከተዘጋ ሳምንት ሆኖታል።